ሞተረኛ ጓደኛችን አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ተኝቷል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር የሚሠሩና የሚንቀሳቀሱ ሰዎች፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲወድቅ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ክልል ላይ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል፤ የሚለያየው የሆስፒታሉና የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው።

አደጋውን አሁን ነው የሰማነው። ቅድሚያ ምን ይሠራ?

የት እንደተወሰደ በእርግጠኝነት ማወቅ። ከባድ የትራፊክ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ወደ አቤት፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አለርት ሆስፒታል ይሄዳል። ነገር ግን ያነሳው ሰው በቅርብ ያገኘው ጤና ጣቢያ ወይም የግል ሆስፒታል አድርሶት፣ ከዚያ በሪፈር እየተላከ ሊሆን ይችላል። ያነሳው አምቡላንስ የቀይ መስቀል ከሆነ 907፣ የእሳትና አደጋ ከሆነ 939 ደውላችሁ ጠይቁ። አደጋውን የመዘገበው ትራፊክ ፖሊስም ያውቃል።

ሁለት ሰው ብቻ ይሂድ። አንዱ ከጎኑ አይለይም፤ ሌላው ካርድ ያወጣል፣ ይከፍላል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ለቤተሰብ ይደውላል። ራሱን ስቶ የገባ ሰው ስሙ ሳይታወቅ ካርድ ሊወጣለት ይችላል፤ ወይም በጥድፊያ ስሙ ተሳስቶ ይጻፋል። ይህ የሚያስቸግረው ከወር በኋላ ነው፤ የህክምና ማስረጃው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ መድን ድርጅቱም አሠሪውም ይመልሱታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መታወቂያውን ወይም መንጃ ፈቃዱን ይዛችሁ ስሙ እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ሐኪሙ የሚፈልገው መረጃ አጭር ነው፦ ከምን ጋር ተጋጨ፣ ሄልሜት አድርጎ ነበር ወይ፣ ራሱን ስቶ ነበር ወይ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ፣ በመጨረሻ የበላው መቼ ነው። ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ ከነበረ ለሐኪሙ ተናገሩ። የማደንዘዣ ባለሙያው ይህን ሳያውቅ ቢሠራ የሚጎዳው ጓደኛችሁ ነው።

ሁላችንም ልናየው እንፈልጋለን። እንዴት እንጠይቀው?

በየተራ። አሥራ አምስት ሰው ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ሄልሜቱን በክንዱ እንዳንጠለጠለ ክፍሉን ሲሞላው ጥበቃው ሁሉንም ያስወጣል፤ ቀጥሎ የሚመጡት እናቱም ላይገቡ ይችላሉ። የጥየቃ ሰዓት በየሆስፒታሉ ይለያያል፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን አንዳችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሁሉም ላኩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው፣ ለአሥር ደቂቃ ይበቃል። እጅ በሳሙና ወይም በአልኮል ታጥቦ ይገባል፤ አልጋው ላይ አይቀመጥም። የቆሰለ ወይም ብረት የገባበት እግር ላይ የሚደርስ ኢንፌክሽን አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋል። ግቢው ውስጥ ሞተር ማጓራትም ይቅር።

ክፍሉ ውስጥ የማይደረግ ሌላም አለ። «ስንት ፍጥነት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ፣ የአደጋውን ቪዲዮ ከስልክ አውጥቶ ማሳየት፣ በፋሻ የተጠቀለለ ፊቱን አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ። የመጨረሻው በተለይ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ገጠር ያሉ ወላጆቹ ሰው ሳይነግራቸው በፎቶ የሰሙ ብዙ ናቸው።

አስታማሚ ሆነን ስንገባ ምን እንያዝ? ሥራችንስ ምንድን ነው?

በመንግሥት ሆስፒታል ያለ አስታማሚ መተኛት አይቻልም ማለት ይቀላል። አንድ ነርስ ብዙ ታማሚ ስለምትይዝ ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ሽንት መድፋት፣ ላቦራቶሪ መሮጥ የአስታማሚ ድርሻ ነው።

ይዛችሁ ግቡ፦ ሁለት አንሶላ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ፖፖ፣ ለሽንት አፈ ሰፊ ፕላስቲክ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ቫዝሊን፣ ፔርሙስ፣ ሳህንና ማንኪያ፣ የሚታጠፍ ቀሰም፣ ነጠላ ጫማ፣ ቻርጀርና ረጅም ማከፋፈያ። ለአስታማሚው ስስ ፍራሽና ጃኬት፤ ሌሊት ኮሪደሩ ይበርዳል። የታማሚው ልብስ ከፊት የሚከፈት ሸሚዝና ሰፊ ቁምጣ ቢሆን ይሻላል። ፕላስተር ወይም ብረት ያለበት እግር በሱሪ አያልፍም፤ የአንዱን ቁምጣ ጎን ቀድዳችሁ በክር ማሰሪያ ብትሠሩበት ይበቃል።

ፈረቃው የ12 ሰዓት ይሁን፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ ሌሊቱ ለሌላው። አንድ ሰው ሦስት ሌሊት በተከታታይ ካደረ በአራተኛው ቀን ሞተር ላይ ተኝቶ ይነዳል፤ በዚህ መንገድ ሁለተኛ ታማሚ እንዳታመጡ። ፈረቃ ስትቀያየሩ በቃል ብቻ አትተላለፉ። አንድ ደብተር አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ምን ተገዛ፣ በስንት ብር፣ ሐኪሙ በራውንድ ጊዜ (ታማሚዎቹን እየዞረ ሲያይ) ምን አለ፣ የነገ ምርመራ ምንድን ነው፣ ሁሉም ይጻፍበት። ጠዋት ራውንድ ላይ ያለው አስታማሚ ንቁ የሆነው ሰው ይሁን፤ ጥያቄ የሚመለሰው ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ማገላበጥ ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ታማሚ በየ2 ሰዓቱ ቦታ ካልቀየረ መቀመጫው፣ ተረከዙና የጀርባው አጥንት ላይ ቁስል ይወጣል፤ ይህ ቁስል ከስብራቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚያስተኛበት አጋጣሚ አለ። ግን አከርካሪው ወይም ዳሌው ተጎድቶ ከሆነ በራሳችሁ እንዳታዞሩት። ነርሷን ጠይቁ፤ ሦስት ሰው ሆኖ አንገቱን፣ ወገቡንና እግሩን በአንድ መስመር ይዞ እንደ ግንድ ማንከባለል ነው፤ መጀመሪያ ታሳያችሁ። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ማድረግም ይረዳል። ቆዳው ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ጎን አታስተኙት።

እግሩ ላይ ክብደት በገመድ ተንጠልጥሏል። እንደዚህ ለምን ይተዋል?

የጭን አጥንት ሲሰበር ጡንቻው ስለሚኮማተር የተሰበሩት ጫፎች ይነባበራሉ። ክብደቱ ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ እየሳበ ያቆማቸዋል፤ ሕመሙንም የሚቀንሰው እሱ ነው። ክብደቱ በአየር ላይ መንጠልጠል አለበት፤ ወለል ከነካ ወይም አልጋው ብረት ላይ ካረፈ አይስብም። ታማሚው ወደ ታች ሲንሸራተት ይህ ይሆናል፤ ስለዚህ በየጊዜው ወደ ላይ ይሳብ። «ከበደው» ብላችሁ ክብደት አትቀንሱ፣ ለመታጠብ ብላችሁ አታውርዱት፣ የጋቢ ጫፍ ገመዱ ላይ አይረፍ።

የመጀመሪያውን ህክምና ማን ይከፍላል?

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ ድንገተኛ ህክምና የማግኘት መብት አለው፤ ጤና ተቋሙም ይህን የመስጠት ግዴታ አለበት። አዋጁ ሲወጣ የድንገተኛ ህክምናው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። በሥራ ላይ ያለውን ጣሪያ የሆስፒታሉ ክፍያ ክፍል ይነግራችኋል፤ ለዚህ ከፖሊስ የሚመጣ ወረቀት ያስፈልጋልና ትራፊክ ፖሊሱን በቶሎ አግኙት። ይህ ገንዘብ ለፋሻና ለራጅ ያህል ነው፤ ብረት ለማስገባት አይበቃም።

ከዚያ በላይ ያለው የሚወሰነው በአደጋው ዓይነት ነው። መኪና ገጭቶት ከሆነ ጓደኛችሁ ለመኪናው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ካሳ የሚጠየቀው ከመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። የገጨው አምልጦ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ የፖሊስ ማስረጃ ይዞ ይጠየቃል። ብቻውን ተንሸራቶ ከወደቀ ግን የራሱ ሞተር የሦስተኛ ወገን መድን ለራሱ አካል ጉዳት አይከፍልም፤ ብዙ ሞተረኛ ይህን የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው የግል የአደጋ መድን ከገባ እሱ፣ አሠሪው፣ እድሩና እናንተ ናችሁ።

ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 መነሻው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ መቁጠር ነው። ይህ የሚፈርሰው አደጋው በዋናነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ)፣ የአይን እማኝ ስልክ ቁጥር፣ በአካባቢው ያለ ሱቅ ወይም ባንክ ካሜራ ዋጋ አላቸው። የካሜራ ቅጂ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ስለሚጠፋ በመጀመሪያው ሳምንት ፖሊስ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ።

መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስትባሉ መጀመሪያ የሆስፒታሉን ፋርማሲ፣ ቀጥሎ የ«ከነማ» ወይም የቀይ መስቀል ፋርማሲን ሞክሩ፤ ከግሉ ዋጋቸው ይቀንሳል። ደረሰኝ ያለስሙ አትቀበሉ። «ለጥሬ ገንዘብ ግዢ» የሚል ደረሰኝ ለካሳ ጥያቄ አይረባም።

ሥራ ላይ እያለ ነው የተጎዳው። ድርጅቱ ምን ይጠበቅበታል?

በሥራ ውል የተቀጠረ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛዋል። የሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ አሠሪው የህክምናውን፣ የቀዶ ጥገናውን፣ የሆስፒታሉንና የመድኃኒቱን ወጪ ይሸፍናል። ሥራ በማይሠራበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። አደጋው ለድርጅቱ በጽሑፍ ይገለጽ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የያዘው ትዕዛዝ ይጠቀስ፤ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ አስፈርሙ። ስልክ ተደውሎ «እሺ፣ ይሻለው» የተባለው ወረቀት አይደለም።

በራሱ ሞተር በኮሚሽን የሚሠራ ዴሊቨሪ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ ድርጅቶች «አጋር እንጂ ሠራተኛ አይደለም» ይላሉ። ቢሆንም ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ፤ የአደጋ መድን አንቀጽ ያለበት ውል አለ፣ ሞተረኛው ራሱ ሳያውቀው። በአፕሊኬሽኑ ላይ ያለውን የዕለቱን የትዕዛዝ ታሪክ ስክሪን ሾት አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሥራ ላይ እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የቀረ ዕቃና የደንበኛ ገንዘብ ካለም በዝርዝር ተፈርሞ ይመለስ፤ ከሆስፒታል ሲወጣ «ጎድሏል» እንዳይባል።

የገጨው ሰው ሽማግሌ ልኳል። እንታረቅ ወይ?

መታረቅ ይቻላል፤ መቸኮል ግን አይደለም። በሦስተኛው ቀን «ህክምናውን ችያለሁ፣ ይህንንም ያዙ» ተብሎ የሚቀርብ ገንዘብ፣ አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ የሚታየው ትንሽነቱ ነው። የገጨው ሰው ለህክምና የሚሰጠውን ተቀበሉ፤ «ለህክምና የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍ። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ግን ሐኪሙ የጉዳቱን መጨረሻ፣ ቋሚ ጉዳት ካለም መጠኑን ጽፎ እስኪሰጥ አይፈረም። የመድን ድርጅቱ ሳያውቀው የተፈረመ ዕርቅ ካሳውን ሊያበላሽም ይችላል። ጊዜ የለም አትበሉ፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። 2 ዓመት ግን ሕግ ቤት ሲገባ አጭር ነው፤ ለሽማግሌ ብላችሁ እንዳታሳልፉት።

ሕመምተኛው ራሱ መሄድ ስለማይችል ለሚስቱ፣ ለወንድሙ ወይም ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ባለበት መጥቶ የሚያረጋግጥበት አሠራር አለ፤ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት አፍዝዞት ሳለ ማስፈረም አይቻልም፤ ቢፈርምም አይጸናም።

ገንዘብ ስናሰባስብ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ምን እናድርግ?

ሦስት ሰው ምረጡ፤ አንዱ የሚሰበስብ፣ አንዱ የሚያወጣ፣ አንዱ የሚመዘግብ። ሁሉንም አንድ ሰው ሲይዘው፣ ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሐሜት ይጀምራል። ገንዘቡ ወደ ሰብሳቢው የግል ቴሌብር ሲገባ ከቤት ወጪው ጋር ይደባለቃል፤ ለዚሁ ብቻ የሚውል የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት የባንክ ሒሳብ ይሻላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ገቢውና ወጪው በግሩፑ ላይ ይለጠፍ፤ የሰጪው ስም እንዳይወጣ ከፈለገ አይውጣ።

ሁሉንም በመጀመሪያው ሳምንት አታውጡት። የመጀመሪያው ሰሞን ሰው ሁሉ ያዋጣል፣ ፍራፍሬው አልጋ ሥር ይበሰብሳል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የቤት ኪራይ ይመጣል፤ የሞተሩ ዕዳ ካለ እሱም፣ የልጅ ትምህርት ቤትም ይመጣል። ጠያቂ ያኔ ይጠፋል። ከተሰበሰበው ግማሹ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ላሉት ሦስት ወራት ቢቀመጥ ይመረጣል። እቁብ ካለው ዕጣውን ቀድሞ እንዲወስድ ዳኛውን አነጋግሩ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ተረኛውን ሰው ግን አስቀድሞ ማስማማት የእናንተ ሥራ ነው።

ደም ይፈለጋል ተባልን።

ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ፣ ባለፉት 3 ወራት ያልሰጠ ጤነኛ ሰው መስጠት ይችላል። በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ፤ ከሰጣችሁ በኋላ ያን ቀን ሞተር ላይ ባትቆዩ ይሻላል። የሰጣችሁት ደም ተመርምሮ ወደ ደም ባንክ ስለሚገባ የደም ዓይነታችሁ ከእሱ ጋር ባይገጥምም ትጠቅማላችሁ። ደም በገንዘብ አይሸጥም፤ «ከፍላችሁ አገኝላችኋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ንገሩ።

ምን እናብላው?

ከቀዶ ጥገና በፊት ምንም። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንዳይበላ» ከተባለ አንድ ጉርሻም አይፈቀድም። ማደንዘዣ ሲሰጠው ሆዱ ውስጥ ያለው ወጥቶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። አክስት አዝነው በድብቅ ያጠጡት አጥሚት ሲታወቅ ቀዶ ጥገናው ይሰረዛል፤ ተራው ደግሞ ነገ ላይመለስ ይችላል።

ጭንቅላቱን ተመትቶ በደንብ ያልነቃ ሰውም ነርስ ሳትፈቅድ በአፉ ምንም አይሰጠው። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ከሆነ መጠኑንና ሰዓቱን እነሱ ይነግሯችኋል፤ ሲመገብ አልጋው ከራስጌ ቀና ይበል፣ ከበላም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ሲፈቀድ ደግሞ አጥንት የሚፈልገው ፕሮቲን፣ ካልሲየምና በቂ ምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ሥጋ፣ ቅንጬ በወተት። ሾርባ ጥሩ ነው፤ ግን ቀጭን የአጥንት ሾርባ ብቻውን ምግብ አይሆንም፤ ሥጋውም ይፈጭለት። ጾም ከሆነና መጾም ከፈለገ አትከራከሩት፤ ንስሐ አባቱን አምጡለት፤ ለታመመ ሰው የሚሉትን እሳቸው ያውቃሉ። ታማሚው ጾሙን ለመተው ካልተስማማ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የለውዝና የሱፍ ፍትፍት አብዙለት። የሕመም ማስታገሻው ሆዱን ስለሚያደርቅ ተልባ፣ ፓፓያና ብዙ ውኃ ይርዳው።

ሲጋራ አታስገቡለት። የደም ሥርን ስለሚያጠብ አጥንት የሚገጥምበትን ጊዜ ያራዝማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ እንዳይገጥም ያደርጋል። ጫትም የምግብ ፍላጎቱንና እንቅልፉን ይወስድበታል።

ዘመዶቹ ወደ ወጌሻ እንውሰደው እያሉ ነው።

ከዚህ የከበደ ጥያቄ አይመጣባችሁም፤ በንቀት ከመለሳችሁ ደግሞ ሰውየውን ሌሊት ፈርመው ያስወጡታል። ወጌሻ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ቶሎ ይነካል፤ ሆስፒታል ደግሞ ተራ ያስጠብቃል። ይህን አምናችሁ ምክንያቱን አስረዱ።

የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። በዚያ ጊዜ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣል፣ ደም ወደ ጣቶች መድረሱ ያቆማል፣ ጡንቻው ይሞታል። ጣቱ ጠቁሮ ተመልሶ ሆስፒታል የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው መቆረጥ ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ከወጣ ደግሞ የሚያስፈልገው ፈጥኖ የሚሰጥ አንቲባዮቲክና ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ መታጠብ ነው፤ ይህ በቅቤ አይተካም። ማሸትም ብረት ከገባ በኋላ እንኳ አይፈቀድም፤ እግር ውስጥ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሊወጣ ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው፣ ከዘመዶቹ የሚከበሩትን አንድ ሰው ራውንድ ላይ አቁሞ ሐኪሙ ራጁን በብርሃን ላይ እንዲያሳያቸው ማድረግ ነው። ሁለት ቦታ የተለያየ አጥንት በዓይናቸው ካዩ በኋላ «ይታሽ» የሚል አይገኝም።

ጸበልን በተመለከተ፣ ሊጠጣው ወይም ፊቱ ላይ ሊረጭ ይችላል፤ መጠጣት ተከልክሎ ከሆነ ግን ጸበሉም ከዚያው ይቆጠራል። ፕላስተሩ፣ ቁስሉና ከውጭ የታሰረው ብረት የሚገባበት ቀዳዳ አይርጠብ።

ሌሊት ላይ ነርስ መጥራት ያለብን መቼ ነው?

ወዲያው፣ ነገ ይሻለዋል ሳትሉ፦

እግሩ ወይም እጁ መድኃኒት ከተሰጠው በኋላም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት የሚጮህ ከሆነ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ፤ ፕላስተሩ ጠብቋል ወይም ጡንቻው ውስጥ ግፊት ጨምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓታት እንጂ በቀን አይደለም። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው። የጭን ወይም የባት አጥንት በተሰበረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግራ መጋባት፣ ፈጣን ትንፋሽና ደረቱ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ። ጭንቅላቱን ለተመታ ደግሞ፦ የሚጨምር ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ለመቀስቀስ አስቸጋሪ መሆን፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ውኃ መሰል ፈሳሽ መውጣት፣ መንቀጥቀጥ።

ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ይሳደባል፣ አያውቀንም። ምን ነካው?

የተመታ አእምሮ ሲነቃ በአንድ ጊዜ አይነቃም። መሳደብ፣ ቱቦ መንቀል፣ ልሂድ ማለት፣ ያሉትን ወዲያው መርሳት የተለመደ ነው፤ ባሕርዩ ሳይሆን ጉዳቱ ነው። አትከራከሩት፤ በአጭር ዓረፍተ ነገር የት እንዳለና ቀኑን ደጋግማችሁ ንገሩት። ብርሃንና ጫጫታ ቀንሱ፣ ስልኩን አርቁ፣ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ከጎኑ ይሁን። የአልጋው መከላከያ ብረት ወደ ላይ ይሁን። ለውጡ ድንገት ከባሰ ግን ወደ ላይኛው ዝርዝር ይገባል።

ከኋላው የተጫነው ሰው አርፏል። መቼ እንንገረው?

ማንም በራሱ አይንገረው፣ ማንም ደግሞ «ደህና ነው፣ ሌላ ሆስፒታል ነው» ብሎ አይማልለት። ሲጠይቅ «እየተከታተሉ ነው፣ የሚያውቁት ሰዎች ይነግሩሃል» ማለት ይበቃል። መርዶው ከሐኪሙ ጋር ተመክሮ፣ የልብ ምቱና ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ፣ ቀን ላይ፣ ነርስ በቅርብ ሳለች፣ በቤተሰቡ ሽማግሌና በንስሐ አባቱ ወይም በኢማሙ በኩል ይነገር። ለወራት መደበቅ አይሆንም፤ ግሩፑ ውስጥ ካለ አንድ የነፍስ ይማር መልእክት ከማንበብ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ስልኩን የሚይዝ ሰው ይመደብ። ከተነገረው በኋላ ባሉት ሌሊቶች ብቻውን አይደር።

ሞተሩስ?

ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ ምርመራው ሳያልቅ አይለቀቅም። ከመውጣቱ በፊት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ የተጫረውን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ ሰሌዳውን። ለመውሰድ ሊብሬው፣ መድኑና ውክልናው ይጠየቃሉ። መድን ካለው የመድን ድርጅቱ ባለሙያ ሳያየው አንድ ብሎን እንዳትፈቱ፤ ጋራዥ አስገብቶ አሠርቶ ደረሰኝ ማምጣት ካሳ ማስከልከያ ነው።

ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀሉ፣ ቤንዚኑን ዝጉ። ሲጠገን መብራትና ፓራፋንጎ ብቻ ቀይሮ ማስረከብ የተለመደ ነው፤ እናንተ የሞተሩን የፊት እግር (የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ) አስፈትሹ። የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መካከል ይዛችሁ መሪውን ቀጥ ስታደርጉ ጎማውና መሪው ካልተስተካከሉ የፊት እግሩ ተጣሟል። ቸርኬውን አንሥታችሁ አሽከርክሩት፤ ከተወላገደ ፍሬን ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። የመሪው አንገት ሥር ያለውን ፍሬም ለስንጥቅ አጥቡና እዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሞተር በፈቃድ ብቻ ስለሚነዳ፣ ፈቃዱ እንዳይቋረጥበት ማኅበሩን ወይም ድርጅቱን አነጋግሩ፤ በእሱ ስም ሌላ ሰው አይንዳው።

ሄልሜቱን አትጣሉት፤ ለማስረጃ ይቀመጥ። ግን ማንም ደግሞ አያድርገው። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከውጭ ጭረት ብቻ ቢታይም ለሁለተኛ ምት አይሆንም።

ወደ ቤት ሲወጣ ምን ይዘጋጅ?

ከመውጫው ቀን አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ቤቱን እዩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆነ መጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ምድር ላይ ያለ ዘመድ ቤት ይሻላል። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫው ላይ ቀዳዳ ሠርታችሁ ከላይ አስቀምጡ፤ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ፣ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ጎማ አስገቡ። እግሩ ቀጥ ብሎ የታሰረ ሰው ሚኒባስ ላይ አይቀመጥም፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ተንጋዶ የሚሄድበት መኪና አስቀድሙ።

ክራንች ሲገዛ በልኩ ይሁን። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉ ከብብቱ በሁለት ሦስት ጣት ይነስ፤ መያዣው በእጅ አንጓው ትይዩ ይሁን። ክብደቱ በመዳፉ ላይ እንጂ በብብቱ አይደገፍ፤ ብብት ላይ ከተንጠለጠለ ነርቩ ተጎድቶ እጁ ይደነዝዛል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቀድማሉ። ከታች ያለው ጎማ ሲያልቅ ይቀየር፤ በክረምት ሴራሚክ ላይ ያልቀየሩት ሁለተኛ ስብራት ያመጣል።

የመውጫ ወረቀቱን ቅጂ፣ የራጁን ፊልም ወይም ሲዲውን፣ የገባውን ብረት ዓይነት የሚገልጸውን ጽሑፍ ሳትይዙ አትውጡ። የቀጠሮ ቀኖቹን ፈረቃ እንደያዛችሁት ተካፈሉ፤ ስፌት መፍቻው ሁለት ሳምንት ገደማ፣ የመጀመሪያው ራጅ ስድስት ሳምንት አካባቢ ነው። ፊዚዮቴራፒ ከታዘዘ ወስዶ የሚመልሰው ሰው ይኑር። ጉልበቱ በነዚያ ሳምንታት ካልታጠፈ ኋላ በግድ አይታጠፍም።

ወደ ሞተሩ የሚመለሰው መቼ ነው?

ሐኪሙ ሙሉ ክብደቱን እንዲጥልበት ሲፈቅድና ራጁ መግጠሙን ሲያሳይ። የቅልጥም ስብራት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ከሆነ ይበልጣል። ሞተሩ ቆሞ ይሞከር፤ ቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬኑን ድንገት ሙሉ በሙሉ መርገጥ ይችላል ወይ? ግራው ማርሽ ከታች ወደ ላይ ያነሳል ወይ? ሞተሩ ወደ ጎን ሲያጋድል በተጎዳው እግሩ ደግፎ ያቆመዋል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ገና ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም አንዴ እንኳ የተንቀጠቀጠ ከሆነ የነርቭ ሐኪም በጽሑፍ ሳይፈቅድለት ቁልፉን አትስጡት። የቤት ወጪ ስላስጨነቀው ቀድሞ ልነሳ ካለ ደግሞ ትዕዛዝ መቀበል፣ ሒሳብ መሥራት ወይም ዕቃ ማከፋፈል የመሰለ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ድርጅቱ እንዲሰጠው ተሰብስባችሁ ጠይቁለት፤ አንድ ሰው ሲጠይቅ የማይሰጥ፣ ሃያ ሞተረኛ ሲጠይቅ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።